አደይን ከዘር ማብቀል፦ ከሕዳር ሚካኤል እስከ እንቁጣጣሽ

ጳጉሜ ሲገባ ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ዓይናችሁ መስኮቱን አይለቅም። ክረምቱን ሙሉ ጉም ለብሶ የከረመው ዳገት ቢጫ መልበስ ይጀምራል። የእርከኑ ጠርዝ፣ የካቡ ሥር፣ የመንገዱ ዳር ሁሉ አደይ ነው። መስከረም 21 ለግሸን የሚጓዘው ሕዝብ አምባሰልን ሲወጣ በዚሁ ቢጫ መሐል ነው የሚያልፈው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወሎዬ ይህችን አበባ ያየ ዕለት "እሰይ፣ ክረምቱ ወጣ" ይላል።

አክስቴ የምትኖረው ተሁለደሬ፣ ከሐይቁ ውሃ ብዙም ሳይርቅ ነው። ከቤቷ በታች፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት አጠገብ፣ አንዲት ቁራጭ መሬት አለች። ልጆች ሳለን ለእንቁጣጣሽ አደይ የምንቀጥፈው ከዚያ ነበር። እየቀጠፍን፣ እየነቀልን፣ በእቅፍ በእቅፍ ተሸክመን እንወጣለን። ቦታዋ ከዓመት ዓመት ሳሳች። በአንዱ መስከረም ስሄድ አንድም አደይ አጣሁባት። ሣርና አረም ብቻ። ያን ቀን የተሰማኝ ነገር እስካሁን አልወጣልኝም።

ከዚያ ወዲህ አራት ክረምት አልፏል። ቦታዋ አሁን እንደገና ቢጫ ትለብሳለች። እንዴት እንደተመለሰች፣ የተሳሳትኩትንም ጨምሬ ልንገራችሁ። ጓሮ ያለውም፣ እርከን ያለውም፣ በረንዳ ብቻ ያለውም ሊሞክረው ይችላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። አደይ የአንድ ዓመት ተክል ናት። ዘሯን አፍስሳ ትደርቃለች፤ ሥሯ ለከርሞ አይተርፍም። የዘንድሮዋ አደይ ቀደም ሲል ከወደቀ ዘር የበቀለች ናት። ስለዚህ ዘሯ ሳይበስል የተቀጠፈች አደይ ለከርሞ ምንም አትተውም። ሥራው ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው።

1. መጀመሪያ አደይ መሆኗን አረጋግጡ

መስከረም ላይ ወሎ ውስጥ ቢጫ አበባ ሁሉ አደይ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጭ ነው። መጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ ናት። በማሳ ዳር፣ አንዳንዴም እህል መሐል ትበቅላለች። ከሩቅ ላየ ከአደይ አትለይም። እኔም አንድ ጊዜ ግማሽ ጣሳ የመጭ ዘር ለቅሜ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው ያወቅኩት።

መለያው ቅጠሉ ነው። የአደይ ቅጠል የተከፋፈለ ነው። ጫፍና ጫፉ ተቆራርጦ እንደ ጥልፍ ይታያል። የመጭና የኑግ ቅጠል ግን ያልተከፋፈለ፣ ረዘም ያለ አንድ ወጥ ቅጠል ነው። አበባው ሳይወጣ እንኳ፣ ሐምሌ ላይ፣ ቅጠሉን ብቻ አይታችሁ ትለያላችሁ።

ሁለተኛው መለያ ዘሩ ነው። የመጭ ዘር የኑግ ዘር ይመስላል፤ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ጫፉ ላይ ምንም የሌለው። የአደይ ዘር ጠፍጣፋ ነው። ዳርና ዳሩ እንደ ስስ ክንፍ የወጣለትም አለ። የሳይንስ ስሟም ይህንኑ ነው የሚናገረው። እኛ በአንድ ስም አደይ የምንላቸውን የዕፅዋት ሊቃውንት ባይደንስ ማክሮፕቴራ፣ ባይደንስ ፓኪሎማ፣ ባይደንስ ፕሬስቲናሪያ እያሉ ይለዩዋቸዋል። ባይደንስ በላቲን ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ነው። ብዙዎቹ የወገኑ ዘሮች ጫፋቸው ላይ ሁለት ሹል ነገር ስላላቸው ነው ይህ ስም የወጣላቸው። ማክሮፕቴራ ደግሞ በግሪክ ባለ ትልቅ ክንፍ እንደማለት ነው። ስሟን ካወቅኩ በኋላ ዘሯን መርሳት አልቻልኩም።

ያ ልብስ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ የሚለው ጨጎጊት፣ የሰይጣን መርፌም የሚሉት፣ የዚሁ ወገን ነው። የእሱ አበባ ቢጫ መሐል ቢኖረውም ዙሪያው ላይ ያለው ቅጠል ነጭ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለውም። ከአደይ ዘር ጋር እንዳይቀላቀልባችሁ ተጠንቀቁ። አንዴ ጓሮ ከገባ መውጫ የለውም።

2. በባሕር ጠረፍ የምትኖረው ዘመዷ

ይህን ክፍል ዘልላችሁ ወደ ሥራው መሄድ ትችላላችሁ። እኔ ግን ካወቅኩት በኋላ አዘራሬ ተቀይሯል።

የባይደንስ ወገን ከ150 በላይ ዓይነት አለው፤ በዓለም ዙሪያ ተበትኖ ይኖራል። ከእነሱ አንዷ ባይደንስ ሃይፐርቦሪያ ትባላለች። የምትበቅለው በሰሜን አሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ በካናዳ በሴንት ሎውረንስ ወንዝ አካባቢ፣ በኒው ብራንዝዊክ፣ በአሜሪካዋ ሜይን። ቦታዋ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት አፍ ነው። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ወደ ዳር ይመጣል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ሲመጣ ተክሏ ውሃ ውስጥ ትሰምጣለች። ሲሸሽ ጭቃው ላይ ቆማ ፀሐይ ትሞቃለች። ቢጫ አበባዋን የምታወጣው የእነሱ በጋ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ነው። እንደ አደይ የአንድ ዓመት ተክል ናት፤ ለከርሞ የምትሻገረው በዘር ብቻ ነው። በየትም ቦታ በብዛት የምትገኝም አይደለችም።

ለምን እንዲህ ያለ አስቸጋሪ ቦታ መረጠች? ሌላው ተክል ስለማይደፍረው ነው። ውሃ የሚያጥበው ጭቃ ራቁቱን ነው፤ ሣር አይሸፍነውም። ለትንሽ ዘር ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ይህን ሳነብ የአክስቴ ቦታ ትዝ አለኝ። አደይ የጠፋችው ስለቀጠፍናት ብቻ አልነበረም። ሣሩ መሬቱን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖት ነበር። የሚወድቅ ዘር ቢኖር እንኳ አፈር የሚነካበት ቀዳዳ አልነበረም። አደይ በእርከን ጠርዝ፣ በተቆፈረ ቦይ አፍ፣ በመንገድ ዳር የምትበዛውም ለዚህ ነው። አፈር የተገለጠበትን ቦታ ትወዳለች።

በአንድ ነገር ግን ከዘመዷ ትለያለች። የእኛዋ እርጥበት ትወዳለች እንጂ የቆመ ውሃ አትችልም። በሁለተኛው ዓመት ከሐይቁ ዳር በጣም ተጠግቼ ዘራሁ። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ክረምቱ ሲጠና ውሃው ወደ ዳር ይገፋል። ነሐሴ ላይ ቡቃያዬ ቢጫ ሆኖ ከሥሩ በሰበሰ።

3. ዘር መልቀም

ዘር ከአበባ ሻጭ አይገኝም። የመጀመሪያው ዓመት ስህተቴ ይኼ ነበር። መስከረም 1 ደሴ ላይ ሁለት እቅፍ አደይ ገዝቼ ጣሪያ ሥር አንጠልጥዬ አደረቅኩ። ደረቀ፣ ግን አንድም የሚበቅል ዘር አልወጣውም። አበባዋ እንደተከፈተች ከተቆረጠች ዘሩ ገና አልሞላም። ቆማ መድረቅ አለባት።

ስለዚህ መስከረም ላይ ጥሩ የበቀሉበትን ቦታ አይታችሁ ምልክት አድርጉ። ባለ መሬቱን አስፈቅዱ። "ይህችን ጥግ አትጨዱብኝ፣ ሕዳር ላይ መጥቼ ዘር እለቅማለሁ" በሉት። እስካሁን እምቢ ያለኝ ገበሬ የለም። ንብ ያለው ሰው ከሆነማ ደስ ብሎት ነው የሚተውላችሁ። የጥቅምትና የሕዳር ማር ከአደይና ከመጭ እንደሚመጣ ንብ አናቢ ሁሉ ያውቃል።

አበባዋን ቀረብ ብላችሁ እዩዋት። ዙሪያውን ያሉት ሰፋፊ ቢጫዎች ንቡን ለመጥራት ናቸው፤ ዘር አይሰጡም። ዘር የሚሰጡት መሐል ላይ የታጨቁት ትንንሾቹ ናቸው። ሰፋፊዎቹ ከረገፉ በኋላ መሐሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ይቡናል። በመጨረሻ ዘሮቹ ከመሐል ተነስተው ወደ ውጭ ይበታተናሉ፤ እንደተፈታ ጥቅል። ያኔ ደርሷል ማለት ነው። በጣታችሁ ስትነኩት እሺ ብሎ ይወጣል። ታግሎ የሚወጣ ከሆነ ሳምንት ጠብቁት።

ቀኑ እንደ ቦታው ይለያያል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሞቃት ናት፤ ቀድሞ ይደርሳል። ሐይቅ 2,000 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ። ወደ ጉጉፍቱ ከወጣችሁ ብርዱ ያዘገየዋል፣ ውርጭም አለ። እኔ ለሐይቅ አካባቢ ሕዳር ሚካኤልን ቀጠሮዬ አድርጌያለሁ። ሕዳር 12 ከሰዓት አክስቴ ቤት ቡና ጠጥቼ እወርዳለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ሁለት ጊዜ ሄዶ ማየት ግን አይከፋም። የደረሰ ዘር ቀጠሮ አይጠብቅም፤ አንድ ኃይለኛ ንፋስ የመጣ ዕለት ግማሹ ይሄዳል።

የምትለቅሙት ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ይሁን። አንድ እጃችሁን ከሥር ዘርግታችሁ በሌላው ራሱን ማሸት ነው። የወረቀት ከረጢት ወይም የጨርቅ ከረጢት ያዙ። ፊስታል አትያዙ። ፊስታል ውስጥ ያለ ዘር ይታፈናል፣ ያልበዋል፣ በሁለት ቀን ይሻግታል። ከአንድ ግንድ ሁሉንም አትጨርሱ። ከብዙ ግንድ ጥቂት ጥቂት ውሰዱ። እኔ ከአንድ ግንድ ከሚታየኝ ሩብ አልበልጥም። የቀረው እዚያው ይርገፍ። ለራሳችሁ ጓሮ ብላችሁ የሌላውን ዳገት ባዶ ካስቀራችሁማ ምኑን ሠራችሁት?

አንድ ራስ ላይ አጠር ያለም ረዘም ያለም ዘር ታገኛላችሁ። አጭሩን አትጣሉ። በጨጎጊት ላይ እንደታወቀው ረዣዥሞቹ ቶሎ ይበቅላሉ፣ አጫጭሮቹ ግን ቀስ ይላሉ። ተክሉ አንድ ዝናብ ቢከዳው ሌላውን የሚጠብቅበት ዘዴ ነው። አደይንም እንዲሁ አድርጌ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የምዘራው።

4. ማድረቅና ማስቀመጥ

ሰፌድ ላይ አስጡት። ጥላ ይሁን፣ ንፋስ ያግኘው፣ ቀጥታ ፀሐይ አይንካው። አምስት ስድስት ቀን ይበቃዋል። በየቀኑ አገላብጡት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ አንፍሱት፤ የአደይ ዘር ቀላል ስለሆነ ጠንከር አድርጎ የሚያነፍስ ሰው ዘሩን ከገለባው ጋር ይሸኘዋል። ትንሽ ገለባ ቢቀር ግድ የለም።

የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ አይጥ የማይደርስበት፣ ከምድጃ ራቅ ያለ ቦታ ስቀሉት። ቦታውንና ዓመቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። የዓመቱን ዘር ለዓመቱ ክረምት ተጠቀሙበት። ሁለት ዓመት ያቆየሁት ዘር በቅሎልኛል፣ ግን በጣም ሳስቶ ነው።

ግንቦት ላይ ፈትሹት። ሃያ ዘር ቁጠሩ። እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ በሳህን ሸፍኑት፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ ጠዋት ማታ ውሃ አርከፍክፉበት። በአሥር ቀን ውስጥ አሥሩ ወይም ከዚያ በላይ ካቆጠቆጠ ዘራችሁ ደህና ነው። ከአምስት በታች ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ።

5. ቦታ መምረጥ

ሐይቅ ዳር፣ ቦርከና ዳር፣ ወይም የትኛውም ጨፌ አጠገብ ከሆናችሁ መሬቱን አትጠይቁ፣ ሣሩን ጠይቁት። ፊላ የቆመበት ቦታ ውሃ ነው፤ እለፉት። ቄጤማ ያለበትም ገና ነው። ቄጤማው አልቆ ሰርዶና ማገጥ የሚጀምርበት ላይ ስትደርሱ ቁሙ። ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ነው፣ ውሃ ግን አይቆምበትም። የአክስቴ ቦታ አሁን ቢጫ የምትለብሰው በዚያ መስመር ላይ ነው፤ ከድሮው ወደ ላይ አሥር እርምጃ ያህል ከፍ ብላለች።

ዳገት ላይ ለሆናችሁ የእርከኑ ጠርዝ ጥሩ ነው። ማሳውን አይሻማም። ውሃው ከእርከኑ ጀርባ ስለሚጠራቀም አፈሩ እርጥበት ይይዛል። ዋልካ መሬት ከሆነ ግን መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት፤ ዋልካ ሐምሌ ላይ ውሃ ቋጥሮ ይይዛል።

ሙሉ ፀሐይ ያስፈልጋታል። ባሕር ዛፍ ሥር አትሞክሩት። ከብት የሚገባበት ከሆነም በእሾህ አጥሩት፤ ከብት ለምለም አደይ ካገኘ አይምራትም።

6. መቼ ይዘራ?

እኛ ወሎዬዎች በልግ አለን። የካቲትና መጋቢት ላይ ሰማዩ ይከፈታል፣ መሬቱ ይርሳል፣ እጅ ይቁነጠነጣል። በሦስተኛው ዓመት እኔንም ይኸው ነው ያሳሳተኝ። መጋቢት አጋማሽ ላይ ጥሩ ዝናብ ጣለ። ዘሬን ይዤ ሮጥኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መደቡ አረንጓዴ ሆነ። ለሰው ሁሉ አወራሁ። ከዚያ ዝናቡ ቆመ። ግንቦት ፀሐይዋ ስትከር አንድ በአንድ ጠወለጉ። ጠዋት ማታ በጀሪካን ውሃ ባመላልስም የተረፉት ጥቂት ናቸው። የተረፉትም ሰኔ ሳይጋመስ አጭር ሆነው አበቡና ለመስከረም ሳይደርሱ ደረቁ።

ስለዚህ በበልግ አትታለሉ። ዘሩን የምታወጡት የክረምቱ ዝናብ ሲይዝ ነው። ለሐይቅና ለደሴ አካባቢ ሰኔ 12፣ የሰኔ ሚካኤል አካባቢ፣ መሬቱን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። ሰማዩ ሦስት አራት ቀን በተከታታይ ከዘነበ ዝሩ። ካልዘነበ ሰኔ እስኪያልቅ መታገስ ይቻላል። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ግን ዘግይታችኋል፤ ብትበቅልም ጳጉሜ ላይ ገና ትንሽ ናት።

እንግዲህ እዩት፣ ሕዳር ሚካኤል ለቅማችሁ ሰኔ ሚካኤል ትዘራላችሁ። ሁለቱ ታላላቅ የሚካኤል በዓላት መሐል በትክክል ሰባት ወር አለ። አክስቴ ይህንን ስነግራት "ድሮስ ሚካኤል ምን ጎድሎት!" አለችኝ።

7. አዘራሩ

ሣሩን ከሥሩ አንሱት። በማጭድ ማጨድ አይበቃም፤ ሰርዶ በሳምንት ተመልሶ ይመጣል። በመቆፈሪያ ገልብጣችሁ ሥሩን ልቀሙ። ከዚያ ከላይ ያለውን አፈር በእጃችሁ አድቅቁት፤ ጓል አይኑርበት። ጥልቅ መቆፈር አያስፈልግም፣ አንድ ስንዝር ይበቃል።

ፍግ አታብዙ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "አበባዋ ትልቅ እንድትሆን" ብሎ ያበዛዋል። የጠገበ አፈር ላይ ያለች አደይ ቅጠልና አገዳ ብቻ ትሆናለች። ቁመቷ ይረዝምና ነሐሴ ላይ በረዶ ሲወርድ ትተኛለች። አንድ እፍኝ የበሰለ ብስባሽ በአንድ ካሬ ላይ ከተበተነ በቂ ነው። ደህና አፈር ከሆነ እሱም ይቅር።

አንድ እፍኝ ዘር ከአራት እፍኝ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉ። አሸዋው ሁለት ነገር ያደርግላችኋል። ዘሩ እጃችሁ ላይ እንዳይጣበቅ ይረዳል፣ የት እንደዘራችሁም ያሳያችኋል። ሁለት ሜትር በአምስት ሜትር ለሆነ መደብ ይህ ይበቃል። ግማሹን በርዝመቱ እየሄዳችሁ በትኑ፣ ግማሹን ደግሞ በወርዱ። ነፋስ ባለበት ሰዓት አትሞክሩት፤ ማለዳ ይሻላል።

አሁን አስፈላጊው ነገር መጣ። አትቅበሯት። ባቄላ አይደለችም። ከላይዋ የሚሆነው አፈር ከአንድ ሴንቲሜትር አይብለጥ፤ ከዚያ ቢያንስ ይሻላል። እኔ የማደርገው መጥረጊያ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ መደቡ ላይ ቀስ አድርጎ መጎተት ነው። ከዚያ ጣውላ አስቀምጬ እየተንቀሳቀስኩ እቆምበታለሁ። ዘሩ ከአፈር ጋር መጣበቅ አለበት። ዝናቡ ኃይለኛ ከሆነ ቀጭን የሣር ጉዝጓዝ ጣል አድርጉበት፤ ውሃው ዘሩን ጠርጎ ወደ ቦይ እንዳይወስደው። ቡቃያው ብቅ ሲል ጉዝጓዙን አንሱት።

እኔ ጋ በዘጠነኛው ቀን ነው የመጀመሪያዋ ብቅ ያለችው። ሦስት ሳምንት ድረስ አዳዲስ ይወጣሉ።

8. ክረምቱን

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች የአደይ አይመስሉም። ጠበብ ረዘም ያሉ ናቸው፤ አልተከፋፈሉም። አረም መስሎት የሚነቅል ብዙ ነው። ታገሡ። ቀጥሎ የሚመጣው ቅጠል የተከፋፈለው ነው። እስከዚያ ድረስ እርግጠኛ የሆናችሁበትን አረም ብቻ ንቀሉ፤ ሰርዶውንና ጨጎጊቱን።

ጣት ሲያህሉ አሳሷቸው። በሁለት ተክል መሐል አንድ ክንድ ያህል ይኑር። ያነሳችኋቸውን አትጣሉ። አራት አምስት ቅጠል ሲኖራቸው ከነአፈራቸው አንስታችሁ ዝናብ ባለበት ቀን ወደ ማታ ብትተክሏቸው ይይዛሉ። ፀሐይ ባለበት ቀን ከሆነ ግን አትድከሙ።

ጉልበት ሲደርሱ ጫፋቸውን በጥፍር ቀንጥቡት። ይህን ያስተማረኝ በአጋጣሚ አንድ ፍየል ነው። ገብቶ የአንዱን ረድፍ ጫፍ በላ። ያ ረድፍ መስከረም ላይ ከሌላው ይልቅ ቅርንጫፍ አብዝቶ፣ አበባውም በዝቶ አየሁት። ከሐምሌ መጨረሻ በኋላ ግን አትቀንጥቡ፣ እንቡጡን ትወስዱታላችሁ።

ከዚህ በላይ ሥራ የለም። ውሃ ሰማዩ ይሰጣል።

9. ደሴ በረንዳ ላይ

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አፉን ቆርጣችሁ ሥሩን አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ከታች ጠጠር፣ ከላይ ግማሽ አፈር ግማሽ አሸዋ። አሥር ዘር ዝሩ፣ መጨረሻ ላይ ሦስቱን አስቀሩ። ፀሐይ የሚያገኘው ጥግ ላይ ይቀመጥ። ጣሪያ ሥር ከሆነ ዝናብ ስለማያገኘው በየሁለት ቀኑ አጠጡት። የጦሳ ተራራን ብርድ አትፍሩላት፤ ለምዳዋለች። በዱላ ደግፏት እንጂ፣ የደሴ ነፋስ ቀልድ አያውቅም።

10. ጳጉሜ ሲደርስ

አበበች። አሁን ልጆች ይመጣሉ፣ ጎረቤት ይመጣል፣ እናንተም ትፈልጋላችሁ። አትከልክሉ። አደይ የሌለው እንቁጣጣሽ ምን እንቁጣጣሽ ነው? ግን አቀጣጠፉን አሳዩአቸው።

በእጅ አይጎተትም። ሥሯ ጥልቅ ስላልሆነ ከሥሯ ትነቀላለች። በመቀስ ወይም በቢላ ከቅርንጫፉ መሐል፣ ከአንድ ጥንድ ቅጠል በላይ ቁረጡ። ከዚያ ቅጠል ብብት ሌላ እንቡጥ ይወጣል። ለእንቁጣጣሽ የተቆረጠችው ለመስቀል ደመራ እንደገና ታብባለች፣ ጥቅምት ላይም ዘር ትይዛለች። የታችኛውን ቅጠል አንስታችሁ ውሃ ውስጥ ካስቀመጣችኋት ቤት ውስጥም ጥሩ ትቆያለች።

ከሦስት ግንድ አንዱን ጭራሽ አትንኩት። እኔ ቀይ ክር አስርበታለሁ። ልጆቹ ክሩን ያውቁታል፤ "ይቺ የዘር ናት" ይባባላሉ። በመጀመሪያው ዓመት አንዱ ሲቆርጥ ሌላው ሮጦ መጥቶ ነገረኝ። አሁን የሚነግረኝ የለም፣ የሚቆርጥም የለም።

ሕዳር ላይ ዘሩን ከለቀማችሁ በኋላ የደረቀውን አገዳ አትንቀሉት። ከመሬት ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ እዚያው መደቡ ላይ ገልብጣችሁ አራግፉት፣ አስተኙት። የቀረው ዘር እዚያው ይወድቃል። በልግ ሲዘንብ የሚቸኩሉት ይበቅላሉ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ይደርቃሉ። ሰኔ ላይ የሚወጡት ናቸው የእናንተ። ሰኔ ሲገባ አዲስ የወጣውን ሣር ከቦታ ቦታ ገለጥ ገለጥ አድርጉላቸው። እኔ በዚህ ዓመት አዲስ ዘር የዘራሁት በመደቡ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። የቀረው በራሱ ወጥቷል።

የተረፈኝን ዘር ለሦስት ሰዎች ሰጥቻለሁ፤ አንዱ ውጫሌ፣ አንዷ ኩታበር፣ አንዱ እዚሁ ሐይቅ ከተማ። ለእያንዳንዳቸው ከረጢቱ ላይ "ሐይቅ ዳር፣ ሕዳር 12 የተለቀመ፣ ሰኔ ይዘራ፣ አይቀበር" ብዬ ጽፌበታለሁ።